ሰው ከሚደበደብ ዕቃ ይጠየቅ
(ስለ ወንጀል ስፍራ መርማሪ ሥራና ወደ ሥራው ስለሚያደርሰው ትምህርት በተማሪዎች ማኅበር የንግግር ምሽት የተነገረ)



ማኅበራችን ከትምህርት በኋላ ስለሚጠብቁን የሥራ ዓይነቶች በየተራ እንድንናገር በወሰነው መሠረት፤ ዛሬ የእኔ ድርሻ ስለ ወንጀል ስፍራ መርማሪ መናገር ነው። ይህን ርእስ መምረጤን የሰሙ አንዳንድ ጓደኞቼ «የፖሊስን ሥራ ለፖሊስ ብትተውለት ምን አለበት?» ብለውኛል። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ መልሱንም ከንግግሬ እንደሚያገኙት ተስፋ አደርጋለሁ። ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላሳስብ፤ የማነሣቸው ዓመታት የአገራችንን ሕግ ከምጠቅስበት በቀር ሁሉም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወንጀል በተፈጸመ ጊዜ የሰው ልጅ በየዘመኑና በየአገሩ የጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «ማን አደረገው?» የሚል ነው። ልዩነቱ መልሱ በሚፈለግበት ስፍራ ላይ ነው። አባቶቻችን አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ በሚሉት ሥርዓት የአካባቢውን ሕዝብ በአንድ ስፍራ ሰብስበው፤ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ ወደየቤቱ እንዳይመለስ ያደርጉ ነበር፤ ሳይገኝ የቀረውም ይቀጣ ነበር። ሌባ ሻይ በሚባለው ልማድ ደግሞ ለአንድ ልጅ መድኃኒት አጠጥተው፤ ወገቡን አስረው፤ እየተከተሉ ይለቁታል። ልጁ አእምሮውን ስቶ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ የጠፋውን ዕቃ እንዲከፍል ይገደድ ነበር።

አፈርሳታና ሌባ ሻይ እኩል ናቸው አልልም። አፈርሳታ ሕዝቡ ስለ አካባቢው ሰላም በአንድነት ተጠያቂ መሆኑን ያስተምር ስለ ነበረ የሚመሰገንበት ነገር አለው፤ ሌባ ሻይ ግን ዕጣ እንደ መጣል ያለ ነገር ነበር። ነገር ግን በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም መልሱን የሚፈልጉት ከሰው አፍ ወይም ከሰው አካል ነው። ነገሩ ወደ ተፈጸመበት መሬት ጎንበስ ብሎ የሚያይ የለም።

ይህን ስል አገራችን ምልክት ማንበብን አታውቅም ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። በሬው የተሰረቀበት ገበሬ ምን እንደሚያደርግ ከገጠር የመጣችሁ ታውቃላችሁ። ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ ዳና ይከተላል። የራሱን በሬ ኮቴ ከሌላው ለይቶ ያውቃል፤ አሻራው ትናንት የተረገጠ ይሁን ዛሬ ከጤዛው ይረዳል፤ ከብቱን የነዳው ሰው ባዶ እግሩን ይሁን ተጫምቶ ይናገራል። ይህ ገበሬ የዛሬው የወንጀል ስፍራ መርማሪ የሥራ ባልደረባ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። የጎደለው ነገር ያየውን የሚመዘግብበትና ለዳኛ የሚያረጋግጥበት መሣሪያ ብቻ ነው።

ከሰው አፍ መልስ መፈለግና ከዕቃ መልስ መፈለግ ምን ያህል እንደሚራራቁ ከሚያሳዩት ታሪኮች አንዱ በ1892 በአርጀንቲና አገር፤ ኔኮቼያ በምትባል ከተማ የሆነው ነው። ፍራንሲስካ ሮኻስ የምትባል ሴት ሁለት ሕፃናት ልጆችዋ ታርደው ተገኙ፤ እርስዋም አንገትዋ ላይ ቆስላ ነበር። ገዳዩ ጎረቤቴ ነው ብላ አንድ ሰው ከሰሰች። ፖሊሶች ሰውየውን ያዙት፤ ደበደቡት፤ ከሬሳዎቹ ጋር አስረው እንዳሳደሩትም ተጽፏል። ሰውየው ግን አላደረግሁም ከማለት ፍንክች አላለም። በኋላ አልቫሬዝ የተባለ መርማሪ ከላ ፕላታ ከተማ መጣ። ይህ ሰው ሁዋን ቩሴቲች ከሚባለው የጣት አሻራ ሊቅ ዘንድ የተማረ ነበር። በበሩ ሳንቃ ላይ በደም የታተመ የአውራ ጣት ምልክት አየ፤ ሳንቃውን ቆርጦ ወሰደ፤ ከሴትዮዋም አሻራ ጋር አስተያየው። ምልክቱ የእናቲቱ ሆኖ ተገኘ። ሬሳዎቹን አልነካሁም ስትል የነበረችው ሴት ማስረጃውን ባየች ጊዜ መግደልዋን አመነች።

እስቲ ነገሩን እናስተውል። ድብደባው አንዲት እውነተኛ ቃል አላስገኘም፤ ሰውየው ደካማ ቢሆን ኖሮ ሐሰተኛ ቃል ሊያስገኝ ይችል ነበር። ሳንቃው ግን ሳይደበደብ ተናገረ። የንግግሬ ሐሳብ በአጭሩ ይኸው ነው፤ ዕቃን መጠየቅ የማያውቅ አገር ሰውን ይደበድባል። የወንጀል ስፍራ መርማሪ ማለት በበትርና በሰው ጀርባ መካከል የሚቆም ባለሙያ ማለት ነው።

ይህን ሙያ በሥርዓት ካቆሙት ሰዎች ሁለቱን ልጥቀስ። አንደኛው ሐንስ ግሮስ የሚባል በኦስትሪያ፤ በግራትስ ከተማ የሠራ የምርመራ ዳኛ ነው። በ1893 ለመርማሪዎች ባሳተመው መጽሐፍ ፊዚክስን፤ ኬሚስትሪን፤ የዕፅዋትን ትምህርትና ሚክሮስኮፕን ለፍርድ ሥራ እንዲያገለግሉ ጠራ። መርማሪው ይዞት የሚሄደውን ቦርሳ እንኳ ሳይቀር ዘርዝሮ ጽፏል፤ ከወረቀትና ከመለኪያው ጋር ለሕፃናት ምስክሮች የሚሰጥ ከረሜላ አለበት። ሁለተኛው ኤድሞን ሎካር የተባለ ፈረንሳዊ ነው። በ1910 በሊዮን ከተማ በፍርድ ቤቱ ሕንፃ ጣሪያ ሥር ሁለት ክፍል ተሰጥቶት የፖሊስ ላቦራቶሪ አቋቋመ። የእርሱ ትምህርት ሁለት ነገሮች ሲነካኩ አንዱ ለሌላው ከራሱ ጥቂት ይተውለታል የሚል ነው። ወደ ቤት የገባ ሰው ከጫማው ጭቃ፤ ከልብሱ ክር፤ ከራሱ ፀጉር ይተዋል፤ ሲወጣም ከምንጣፉ፤ ከግድግዳው ኖራ፤ ከነካው ሰው ደም ይዞ ይሄዳል። «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» ብለን እንተርታለን፤ የሎካር ትምህርት የዚህ ተረት ግልባጭ ነው፤ ላም በዋለበት ኩበት አይጠፋም።

በ1912 በሊዮን አንዲት ወጣት ታንቃ ተገደለች። የተጠረጠረው ወዳጅዋ በዚያ ሌሊት ከሌሎች ጋር ካርታ ሲጫወት እንዳመሸ ምስክር ነበረው። ሎካር ከሰውየው ጥፍር ሥር ያለውን ፍቅፋቂ አውጥቶ በሚክሮስኮፕ ሲያየው የቆዳ ቅንጣት ከነሮዝ ዱቄቱ አገኘ። ዱቄቱም ከልጅቷ የፊት ዱቄት ጋር አንድ ዓይነት ሆነ፤ ሰውየውም አመነ፤ ምስክሮቹን ያታለለው የግድግዳውን ሰዓት ወደ ፊት ገፍቶ መሆኑ ታወቀ።

እንግዲህ የወንጀል ስፍራ መርማሪ ሥራው ምንድን ነው? ብዙ ሰው የተለያዩ ሥራዎችን ያደባልቃል። ተጠርጣሪውን የሚያሳድደውና የሚጠይቀው ፖሊስ አንድ ነው። በላቦራቶሪ ተቀምጦ ደሙን፤ መርዙን፤ ጥይቱን የሚመረምረው ባለሙያ ሌላ ነው። አስከሬን የሚመረምረው ሐኪምም ራሱን የቻለ ነው። የስፍራ መርማሪው ሥራ ከእነዚህ ሁሉ ይቀድማል፤ ይኸውም ነገሩ የተፈጸመበትን ስፍራ እንደ ተገኘ መመዝገብ፤ በዚያ ያለውን ምልክት ሳያበላሹ ማንሣት፤ ለላቦራቶሪና ለፍርድ ቤት በጥንቃቄ ማድረስ ነው። እርሱ ያላነሣውን ላቦራቶሪ ሊመረምረው አይችልም፤ እርሱ ያበላሸውንም ማንም ሊያቃናው አይችልም።

የሥራው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የሰው ሕይወት ይቀድማል፤ የሚተነፍስ ቍስለኛ ካለ ምልክት ይጠፋል ተብሎ እርዳታ አይዘገይም። ቀጥሎ ስፍራው ይከለላል። ክልሉ መጀመሪያ ሰፋ ተደርጎ ይያዛል፤ ሰፊውን ማጥበብ ይቻላል፤ ጠባቡን ማስፋት ግን ሰው ከረጋገጠው በኋላ ዋጋ የለውም። መግቢያ አንድ ብቻ ይሆናል፤ የገባና የወጣ ሁሉ አለቃም ቢሆን ስሙና ሰዓቱ ይጻፋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ መርማሪው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ያያል። የሙያው አስቸጋሪ ትምህርት ይህ ነው ይባላል፤ አለመንካት።

ከዚያ በኋላ መመዝገብ ይመጣል። ምዝገባው በሦስት መንገድ ነው። ፎቶግራፍ ይነሣል፤ በመጀመሪያ ከሩቅ መላውን ስፍራ፤ ቀጥሎ ዕቃው ከአካባቢው ጋር ያለውን ግንኙነት የሚያሳይ፤ በመጨረሻም ከቅርብ አንድ ጊዜ ያለ ማስመሪያ፤ አንድ ጊዜ ከነማስመሪያው። ቀጥሎ ንድፍ ይነደፋል፤ ፎቶግራፍ ርቀትን ስለሚያሳስት ከቢላዋው እስከ በሩ ስንት ሜትር እንደሆነ በመለኪያ ተለክቶ ይጻፋል። ሦስተኛው ማስታወሻ ነው፤ መብራቱ በርቶ ነበር ወይስ ጠፍቶ፤ መስኮቱ ተዘግቶ ነበር ወይስ ተከፍቶ፤ ምን ይሸት ነበር፤ ቡናው ሙቅ ነበር ወይስ ቀዝቅዞ። እነዚህ ነገሮች ከአንድ ሰዓት በኋላ አይገኙም።

ከምዝገባው ቀጥሎ ፍለጋ አለ። ሰፊ ሜዳ ከሆነ ሰዎች በረድፍ ተሰልፈው እየተራመዱ ይፈትሹታል፤ ቤት ከሆነ በክፍል በክፍል ተከፍሎ ይፈተሻል። ነፋስ ሊወስደው፤ ዝናብ ሊያጥበው የሚችለው አስቀድሞ ይነሣል። በጭቃ ላይ ያለ የጫማ ዳና መብራት በጎኑ ተይዞለት ፎቶግራፍ ከተነሣ በኋላ የጥርስ ሐኪሞች በሚጠቀሙበት ጠንካራ ጄሶ ይቀረጻል። በብርጭቆ ላይ ያለ አሻራ በደቃቅ ዱቄት ይወጣል፤ በላስቲክ ላይ ያለው በሱፐር ግሉ ጢስ ይነጣል፤ በወረቀት ላይ ያለው ከ1954 ጀምሮ በታወቀው ኒንሃይድሪን በሚባለው ኬሚካል ወይን ጠጅ መልክ ይዞ ይታያል። ታጥቦ የጠፋ የሚመስል ደም ሉሚኖል ሲረጭበት በጨለማ ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣል። ይሁን እንጂ ሉሚኖል በረኪና ሲያገኝም ያበራል፤ ስለዚህ መርማሪው «ደም ነው» ብሎ አይጽፍም፤ «ደም ሊሆን ይችላል፤ ይመርመር» ብሎ ይጽፋል።

የሂሳብ ተማሪዎች ደስ እንዲላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። የደም ጠብታ ቀጥ ብሎ ለስላሳ ወለል ላይ ሲወድቅ ክብ ይሆናል፤ አጋድሎ ሲመጣ ግን እንቁላል መስሎ ይረዝማል። የጠብታው ወርድ ለቁመቱ ሲካፈል የሚገኘው ቍጥር የመጣበት ማእዘን ሳይን ነው። ወርዱ የቁመቱ እኩሌታ ከሆነ ደሙ የመጣው በ30 ዲግሪ ነው ማለት ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት «ይህ ለምን ይጠቅመናል?» ስንል የነበረው ትሪጎኖሜትሪ በአንድ ሰው ነፃነት ላይ ሊፈርድ ይችላል።

የተነሣው ዕቃ ለየብቻው ይታሸጋል። በዚህ ጊዜ ልምድ የሌለው ሰው በቀላሉ ይሳሳታል፤ ደም የነካው ልብስ እርጥብ እንደሆነ በፌስታል ከታሸገ ይሻግታል፤ ምልክቱም ይበሰብሳል። ስለዚህ ልብሱ በንጹሕ ስፍራ ደርቆ በወረቀት ከረጢት ይደረጋል። የተጠርጣሪው ልብስና የተጎጂው ልብስ በአንድ ጠረጴዛ ላይ አይዘረጉም። ጓንት በየዕቃው ይለወጣል። እያንዳንዱ እሽግ ቍጥር፤ ቀን፤ ሰዓትና ፊርማ ይኖረዋል፤ ከእጅ ወደ እጅ በተላለፈ ቍጥር ሰጪና ተቀባይ ይፈርማሉ። ከሰንሰለቱ አንድ ቀለበት ከጠፋ፤ ተከላካዩ ጠበቃ «ይህ ዕቃ ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ማን እጅ ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ ከታጣ፤ ማስረጃው ዋጋ የለውም። ጠበቃውም እንዲህ በመጠየቁ የወንጀለኛ ወዳጅ አይባልም፤ ሥራውን መሥራቱ ነው።

ወደ ዋናው ሐሳቤ ልመለስ። በእንግሊዝ አገር በሌስተር አውራጃ በ1983 እና በ1986 ሁለት ልጃገረዶች ተደፍረው ተገደሉ። ፖሊስ አንድ የ17 ዓመት ልጅ ያዘ፤ ልጁም ሁለተኛዋን እኔ ገድያለሁ ብሎ አመነ። በዚያው አውራጃ የሌስተር ዩኒቨርሲቲ መምህር አሌክ ጄፍሪስ በ1984 የሰውን ዲ.ኤን.ኤ. ለመለየት የሚያስችል ዘዴ አግኝቶ ነበር። ፖሊስ ልጁ የመጀመሪያዋንም መግደሉን እንዲያረጋግጥለት ጠየቀው። ውጤቱ ግን ያልተጠበቀ ሆነ፤ ሁለቱንም የገደለው አንድ ሰው ነው፤ ያም ሰው ልጁ አይደለም። በአካባቢው 5000 ያህል ወንዶች ደም ሰጡ። እውነተኛው ገዳይ ኮሊን ፒችፎርክ የሥራ ባልደረባውን በስሙ ደም እንዲሰጥለት ለምኖ አምልጦ ነበር፤ ነገር ግን ነገሩ በአንድ መጠጥ ቤት በጨዋታ ተነሥቶ ተሰማና ተያዘ፤ በ1988 ተፈረደበት።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ከዚህ ታሪክ የምናገኘውን ትምህርት እንዳንስት። በዓለም ላይ ዲ.ኤን.ኤ. በግድያ ምርመራ ለመጀመሪያ ጊዜ ያገለገለው ወንጀለኛ ለመያዝ ሳይሆን፤ ያመነን ንጹሕ ሰው ለመፍታት ነው። ሰው ያላደረገውን አደረግሁ ሊል ይችላል፤ ይህም የግድ ሳይደበደብ ነው፤ ፍርሃትና ድካም ብቻ ይበቃሉ። እንግዲህ በድብደባ የሚገኝ ቃል ምን ሊታመን ነው?

ሆኖም ዕቃ ፈጽሞ አይሳሳትም ብዬ ብናገር ሌባ ሻይን በሳይንስ ስም መልሼ ማምጣቴ ይሆናል። ዕቃ አይዋሽም፤ አንባቢው ግን ይሳሳታል። በ2007 በጀርመን አገር በሃይልብሮን ከተማ አንዲት የፖሊስ ባልደረባ ተገደለች። ከስፍራው የተገኘው የአንዲት ሴት ዲ.ኤን.ኤ. በጀርመን፤ በኦስትሪያና በፈረንሳይ በ40 ያህል የወንጀል ስፍራዎች ከተገኘው ጋር አንድ ሆነ። ሦስት አገሮች ይህችን አስፈሪ ሴት ፈለጉ። በ2009 የአንድ ወንድ ወረቀት ሲመረመር የዚያችው ሴት ዲ.ኤን.ኤ. ተገኘና ጥርጣሬ ተነሣ። ለካ ሴትዮዋ ምልክት ማንሻውን ጥጥ በፋብሪካ የምታሽግ ሠራተኛ ኖራለች! ጥጡ ከጀርም የጸዳ ነበር፤ ከዲ.ኤን.ኤ. የጸዳ ግን አልነበረም። መርማሪዎቹ ይዘውት የሄዱትን ምልክት ከስፍራው እንዳገኙት ቆጥረው ነበር።

እንደዚሁም በ2004 በማድሪድ ባቡሮች ላይ ቦምብ ከፈነዳ በኋላ በአንድ ከረጢት ላይ የተገኘውን የጣት አሻራ የአሜሪካ ፌደራል የምርመራ ቢሮ ባለሙያዎች አይተው፤ በኦሪገን የሚኖር የአንድ ጠበቃ ነው ሲሉ አረጋገጡ። ሰውየው ሁለት ሳምንት ታሰረ። የስፔን ፖሊስ ግን አሻራው የሌላ ሰው መሆኑን አገኘ፤ የአሜሪካ መንግሥትም ይቅርታ ጠይቆ በ2006 ሁለት ሚሊዮን ዶላር ካሠ። በ2009 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ባወጣው ጥናት ከዲ.ኤን.ኤ. በቀር ከነባሮቹ ዘዴዎች አንዱም ምልክትን ከአንድ ሰው ጋር በከፍተኛ እርግጠኝነት እንደሚያገናኝ በጥብቅ ምርምር እንዳልተረጋገጠ ገለጸ። ስለዚህ የጥሩ መርማሪ የመጀመሪያ ምልክቱ ትሕትና ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ በዚህ ሥራ ግን ያፈሰሰ መልሶ አይለቅምም።

አሁን ወደ ትምህርቱ ልለፍ። መንገዱ በየአገሩ ይለያያል። በእንግሊዝ አገር የወንጀል ስፍራ መርማሪዎች አብዛኞቹ መለዮ ያልለበሱ የሲቪል ሠራተኞች ናቸው። በአሜሪካ አንዳንዱ ከተማ ፖሊሶችን ያሠለጥናል፤ ሌላው በኬሚስትሪ፤ በባዮሎጂ ወይም በፎረንሲክ ሳይንስ ዲግሪ ያለውን ሲቪል ይቀጥራል። በ1915 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የመለያ ባለሙያዎች ማኅበርም ልምድና ፈተና ጠይቆ የምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ ወረቀቱም የዕድሜ ልክ አይደለም፤ በየአምስት ዓመቱ ይታደሳል። በአገራችን ሥራው የፖሊስ ስለሆነ ዋናው በር የፖሊስ ሥልጠና ነው፤ በሰንዳፋ የሚገኘው የፖሊስ ዩኒቨርሲቲም የታወቀ ነው። ሐኪም የሆነ ደግሞ በአስከሬን ምርመራ በኩል ይገባል፤ በአዲስ አበባ ይህ ሥራ ሲነሣ የምኒልክ ሆስፒታል ስም አብሮ ይነሣል።

ነገር ግን ከየትኛውም በር ብትገቡ ከወዲሁ ልታበጁት የምትችሉት ስንቅ አለ። ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ተማሩ፤ ያለ እነርሱ የምታነሡት ነገር ምን እንደሆነ አታውቁም። ስታቲስቲክስ ተማሩ፤ «ይመሳሰላል» እና «አንድ ነው» በሚሉት ቃላት መካከል ያለውን ገደል የሚያሳየው እርሱ ነው። ፎቶግራፍ ማንሣትና ንድፍ መንደፍ ተለማመዱ። ከሁሉ በላይ መጻፍ ተለማመዱ። በቴሌቪዥን የምናየው መርማሪ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወንጀለኛውን ይይዛል፤ እውነተኛው ግን ከቀኑ ብዙውን የሚያሳልፈው በወረቀት ላይ ነው። የምትጽፉት ግልጽ፤ አጭርና ካያችሁት ያላለፈ ይሁን። «ወለሉ ላይ ወርዱ 4 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀይ ምልክት አየሁ» የሚል መርማሪ ነው፤ «ገዳዩ በዚህ በኩል ሸሸ» የሚል ግን ልብ ወለድ ጸሐፊ ነው።

ፍርድ ቤት ቆሞ መናገርም የሥራው ክፍል ነው። መርማሪው ለዐቃቤ ሕጉ ሊያሸንፍለት አይሄድም፤ ለተከሳሹም ሊራራ አይሄድም። ያየውን ይናገራል፤ ያላየውን አላየሁም ይላል። «አላውቅም» የምትለዋን ቃል በዳኛ ፊት ሳያፍር መናገር የሚችል ሰው ለዚህ ሥራ ተፈጥሯል።

ጠባዩንም አስቀድሞ መመርመር ያስፈልጋል። ስልኩ የሚጮኸው በሌሊት ነው፤ ሥራው በዝናብና በፀሐይ ነው፤ ሽታው ከልብስ ይወጣል እንጂ ከልብ ቶሎ አይወጣም። የሕፃን ሬሳ ከነመለኪያው ፎቶግራፍ አንሥቶ ወደ ቤት ተመልሶ ከልጆቹ ጋር እራት መቅረብ ቀላል አይደለም። በዚህ ሥራ ያሉ ሰዎች ኀዘኑን በውስጣቸው እየቀበሩ እንቅልፍ የሚያጡበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ብርታት ማለት አለመሰማት እንዳይመስላችሁ፤ የተሰማውን ለባልደረባና ለሐኪም ማካፈልም ብርታት ነው።

ሕጉን በተመለከተ ደስ የሚል ነገር አለን። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጋችን በአንቀጽ 31 ፖሊስ የሚጠይቀውን ሰው እንዳያስፈራራ፤ በተስፋም እንዳይደልል ከልክሏል፤ በአንቀጽ 34 ደግሞ የተከሳሹ አካል፤ ደሙም ጭምር፤ በሐኪም እንዲመረመር ፈቅዷል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 በማስገደድ የተገኘ ቃል ተቀባይነት እንደሌለው ደንግጓል። እነዚህን አንቀጾች ጎን ለጎን አኑረን ስናያቸው አንድ ነገር ይነግሩናል፤ ሰውን ተውት፤ ምልክቱን ፈልጉ። ሆኖም ሕግ በትሩን ከመርማሪው እጅ ቢወስድ፤ በምትኩ ወረንጦና ሚክሮስኮፕ ካልሰጠነው፤ ከነእውቀቱ ካልሰጠነው፤ በትሩን ፈልጎ ያነሣዋል። ይህን የሚሰጡት ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። «የፖሊስን ሥራ ለፖሊስ ተው» ላሉኝ ጓደኞቼ መልሴ ይህ ነው።

መርማሪ ለማይሆነው አብዛኛው አድማጭም አንድ አደራ አለኝ። በሰፈራችን ኡኡታ ሲሰማ ሁላችንም እንሮጣለን፤ ይህ ደግ ልማድ ነው። ወዲያው ግን የወደቀውን እናቃናለን፤ ሬሳውን በነጠላችን እንሸፍናለን፤ ለለቅሶተኛ ቤቱ ይጽዳ ብለን ደሙን እናጥባለን። በዚህም ደግነታችን የነጠላችንን ክር በሟች ላይ ትተን፤ የገዳዩን ምልክት በባልዲ እንደፋለን። ከዚያ በኋላ ፖሊስ ሲመጣ ያለ ምልክት ይቀራል፤ ምልክት ሲያጣም ሰው ይይዛል፤ የሚያዘውም ምናልባት ከመካከላችን አንዱ ንጹሕ ሰው ነው። እንግዲህ ቍስለኛ ካለ እርዱ፤ ሕይወቱ ካለፈ ግን በሩን ዘግታችሁ ቁሙ፤ ሌላውንም አስቁሙ፤ ማን እንደገባ አስታውሱ። ሟችን ማክበር መልኩ ብዙ ነው፤ እውነቱን መጠበቅ አንዱ ነው።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብለው አባቶቻችን ተርተዋል። እውነት ነው፤ ነገር ግን እያደር የሚጠራው ምልክቱን ጠብቆ የሚያሳድርለት ሰው ሲኖር ነው። ከመካከላችን ያን ሰው የሚሆን አንድ እንኳ ቢገኝ የዛሬው ምሽት በከንቱ አላለፈም።